0.9 ከየት መጣ? ስለ ወባ ሞዴልና ስለ ክፍልፋይ ዲሪቬቲቭ እርዱኝ

አንገረብ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እህታችሁ ነኝ፣ ከጎንደር። ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ማስተርሴን እሠራለሁ። የመመረቂያ ርዕሴ የደንቢያ ወባ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ነው። ልጆች ሳለን ጥቅምት ሲገባ መምህራችን ስም ሲጠሩ በየመሀሉ "አሞታል"፣ "አሟታል" እንል ነበር። ርዕሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሞዴሉ የተለመደው ነው። ተጋላጭ፣ የታመመና ያገገመ ሰው አለ፤ በትንኝ በኩል ደግሞ ጤነኛና ተሸካሚ። እኔ የቀየርኩት ነገር ቢኖር መደበኛውን ዲሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱን) አውጥቼ የካፑቶን ክፍልፋይ ዲሪቬቲቭ፣ ማለትም የአሁኑን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ሁሉ የሚቆጥረውን፣ ማስገባቴ ነው። ኦርደሩን፣ ማለትም ዲሪቬቲቩ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የሚነግረውን ቁጥር (አልፋ የሚባለውን)፣ 0.9 አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ አንድ ፈታኝ "ለምን 0.9 ሆነ? ለምን 0.83 አልሆነም? ለምንስ 1 አይሆንም?" አሉኝ። "ወባ ትውስታ ስላለው" አልኩ። "የማን ትውስታ? የትንኟ ነው የሰውየው?" አሉ። ዝም አልኩ። አዳራሹ ጭር አለ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ፊቴ ይግል ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። 0.9ን የወሰድኩት ካነበብኳቸው ወረቀቶች ነው። እነሱም 0.7፣ 0.8፣ 0.9 ብለው ሦስት ግራፍ ይሥላሉ፣ ከዚያ "ክፍልፋይ ሞዴሉ የተሻለ ነው" ብለው ይዘጋሉ። ይህ ቁጥር በእውነተኛው ዓለም ምን ማለት ነው? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።


የድሮው_መምህር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

ልጄ፣ አይዞሽ። ፈታኝሽ የጠየቁሽ ጥያቄ የዘርፉ ዋና ጥያቄ ነው። ዝም ማለትሽም የሌለሽን መልስ ከመፈብረክ ይሻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። ሌብኒዝ በ1695 ለሎፒታል በጻፈው ደብዳቤ ላይ የግማሽ ዲሪቬቲቭ ነገር ተነሥቷል። ለጊዜው ግራ የሚያጋባ ቢሆንም አንድ ቀን ጥቅም ይወጣዋል ብሎ ነበር። በ1819 ላክሯ የኤክስን ግማሽ ዲሪቬቲቭ አሰላ። ኤክስን ለፓይ አካፍይ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ፣ በ2 አባዢ። ኤክስ 1 ሲሆን 1.128 ገደማ ይመጣል። በዚያው ፈንክሽን ላይ ግማሽ ዲሪቬቲቩን አንዴ ድገሚው፤ የምናውቀው 1 ይወጣል። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አቤል፣ ሊዩቪልና ሪማን መጡ። አንቺ የምትጠቀሚበትን ካፑቶ በ1967 አወጣው። ሰውየው የመሬት ፊዚክስ ተመራማሪ ነበር፤ የመሬት መናወጥ ሞገድ በአለት ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚደክም ነበር የሚያጠናው።

ትርጉሙን ግን ከደብዳቤው ይልቅ ከወጥ ቤት ታገኚዋለሽ። ባለቤቴ የድፎ ዳቦ ሊጥ ስታቦካ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሊጡን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ጉድጓዱ መጀመሪያ ቶሎ ከፍ ይላል። ከዚያ ይዘገያል። ቡና አፍልተሽ ስትመለሺ ገና በጥቂቱ እየሞላ ነው። ሞላላው የጣት አሻራ እዚያው አለ።

አሁን አስቢው። የሽቦ ሞላ የሚመልሰው ኃይል በተጫንሽው ልክ ነው፤ ይህ ኦርደር 0 ነው። ዘይት የሚቃወምሽ በፍጥነትሽ ልክ ነው፤ ይህ ኦርደር 1 ነው። ሊጥ ሁለቱንም አይደለም። መሀል ላይ ነው። ይህን ዘይቤ አደርግሽ እንዳይመስልሽ። ስኮት ብሌር የተባለ እንግሊዛዊ ከስኮፊልድ ጋር ሆኖ በ1930ዎቹ የዱቄት ሊጥ ላይ ነው የሠራው። ከሞላና ከፈሳሽ መሀል ያለውን ጠባይ በክፍልፋይ ኦርደር ገለጸው። ቁጥሩ ከሊጡ ላይ ተለክቶ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ 0.9ኝሽ ከደንቢያ መለካት አለበት። ሌላ መንገድ አላውቅም።


ጤና_ደንቢያ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እንደምን አደራችሁ። እኔ ሂሳብ ላይ ብዙም አይደለሁም፤ ጤና መኮንን ነኝ። ወባው ላይ ግን ልናገር።

"የማን ትውስታ?" ለሚለው ጥያቄ እኛ ጋ አንድ እውነተኛ መልስ አለ። የጉበት። ፋልሲፓረም ይዞት በደንብ የታከመ ሰው ነገሩ በዚያው ያልቅለታል። ቫይቫክስ ግን እንደዚያ አይደለም። ከደም ጠፍቶ ጉበት ውስጥ ይተኛል። ከሳምንታት በኋላ ሊነሣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ሰውየው አዲስ ትንኝ ሳይነድፈው ያንቀጠቅጠዋል። ፕራይማኪን የምንሰጠው ያንን የተኛውን ለመግደል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ሞዴልሽ አንድ "ወባ" ብቻ ካለው የሚያስታውሰውን ከማያስታውሰው ቀላቅለሽዋል።

ሌላም አለ። እኛ ጋ ወባ ዝናቡን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናው ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደው ወጣት ተመልሶ ይገባል፤ ይዞት የሚመጣ አለ። ይህ ሁሉ ሞዴልሽ ውስጥ አለ ወይ?


አንገረብ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ዝናቡ የለም። ተመላሾቹም የሉም። ሁለቱን የወባ ዓይነቶችም አለየሁም። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ሳነበው ደነገጥኩ።


ጣና_ዳር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

ጤና መኮንኑ ያሉት ነገር ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ዝናቡን ሳታስገቢ አልፋን ከዳታው ላይ ብትፈልጊ አንድ ቁጥር ታገኛለሽ። ምናልባት 0.87 ይሆናል። ግን ያ ቁጥር የዝናቡን ሥራ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ የጎደለውን ነገር ሁሉ አልፋ ላይ ይጭነዋል። አንቺ ደግሞ "ትውስታ አገኘሁ" ትያለሽ።

ደግሞ ለምን በመደበኛው አትሞክሪውም? ጉበት ውስጥ የተኛውን እንደ አንድ ክፍል አስገቢ። መዘግየቱ ረጅም ከሆነ ሁለት ሦስት ክፍል ቀጥዪ። የኤክስፖኔንሻል ድምር ረጅም ጅራትን (ከብዙ ጊዜ በኋላም ቶሎ የማያልቀውን ቅሪት) በጥሩ ሁኔታ ይመስላል። እኔ ክፍልፋይ ካልኩለስ ጠላቴ አይደለም። ግን ቀላሉ መንገድ ሳይሞከር ከባዱ ሲመረጥ ልቤ አይቀበለውም።


ማራኪ_ኮደር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

እህቴ፣ እኔ ኮዱ ላይ ነው የምረዳሽ። ሦስት ነገር ፈትሺ።

መጀመሪያ አሃዱን። የማገገሚያ መጠንሽ በቀን 0.1 ነው እንበል፤ አሥር ቀን ታሞ ይድናል። በግራ በኩል ያለው ዲሪቬቲቭ ግን አሁን "በቀን" ሳይሆን "በቀን ኃይል 0.9" ሆኗል። ግራና ቀኝ አይገናኙም። ዲተልም በ2013 በኬፕ ቨርዴ የ2009 የደንጊ ወረርሽኝ ላይ ሲሠራ መጠኖቹን ራሳቸውን በአልፋ ኃይል አነሣቸው። 0.1 ኃይል 0.9 ማለት 0.126 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ይህን ሳያደርጉ የታተሙ ስንት ወረቀቶች አይቻለሁ፤ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ እኩልታ የተለያየ አልፋ ከሰጠሽ የሰዎቹ ድምር ይፈርሳል። ማንም ሳይሞት ሰው ይጠፋል፣ ማንም ሳይወለድ ሰው ይጨምራል። በየእርምጃው ደምሪና ተመልከቺ።

ሦስተኛው እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነው። ይህ ዲሪቬቲቭ በየእርምጃው ከቀን አንድ ጀምሮ ያለፈውን ሁሉ መልሶ ይደምራል። 10,000 እርምጃ ካለሽ ድምሩ 50 ሚሊዮን ገደማ ነው። እርምጃውን በአሥር እጥፍ ካሳነስሽው 5 ቢሊዮን ይሆናል። አንድ ማታ ለቅቄው ተኛሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ አርባ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ጠዋት ስነሣ የመጨረሻዋ ነጥብ ብቻ ፋይል ውስጥ ተቀምጣለች። መደበኛው ሞዴል ቢሆን በቂ ነበረች፤ ከእሷ ተነሥቼ እቀጥል ነበር። በክፍልፋይ ግን አልረባችኝም። ከዚያች ነጥብ በፊት ያለው ታሪክ በሙሉ ከሌለ መቀጠል አይቻልም። ትውስታ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ።

የጣሊያኗ ባሪ ዩኒቨርሲቲው ጋራፓ በነፃ የለቀቃቸው ኮዶች አሉ። ድምሩን በፈጣን ፉሪየር ትራንስፎርም (ረጅም ድምርን በሚያፋጥን ዘዴ) ያስኬዱታል፤ ሥራው በጣም ይቀላል። በ2018 ያሳተመውን ማስተማሪያም አንብቢው።


ብርሃን_ሥላሴ_ሠፈር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ክሩን እንዳልጠልፍ እንጂ። አማካሪዬ "ካፑቶ አርጅቷል፣ አዲሱን ተጠቀም" ብለውኛል። የካፑቶና ፋብሪዚዮ የ2015ቱ፣ የአታንጋናና ባሌአኑ የ2016ቱ። የቱ ይሻላል?


የድሮው_መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ሰፊ ክርክር አለ። የነዚህ ዲሪቬቲቮች ከርነል (ላለፈው ጊዜ ክብደት የሚሰጠው ፈንክሽን) መነሻው ላይ ወደ ኢንፊኒቲ አይሄድም፤ ለስሌት ይመቻል፣ ብዙ ሰው የወደደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ዲተልም፣ ጋራፓ፣ ጁስቲ እና ስታይንስ በ2020 ለምን መጠቀም እንደማይገባ ጽፈዋል። ዋናው ነጥብ ቀላል ነው። እነዚህ ዲሪቬቲቮች በመነሻው ሰዓት ሁልጊዜ ዜሮ ናቸው። ስለዚህ የእኩልታህ ቀኝ ጎንም በመነሻው ሰዓት ዜሮ መሆን አለበት። የወባ ሞዴል ላይ ደግሞ ይህ ማለት ወረርሽኙ ሲጀምር ምንም እየተለወጠ አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መስከረም ደንቢያ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። እኔ ብሆን ካፑቶ ላይ እቆማለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ። ጣና ዳር የተናገረው ልክ ነው፤ ቀላሉን አስቀድሚ። ክፍልፋይ የሚያስፈልገው ጅራቱ በእርግጥ ረጅም ሲሆን ነው። ልዩነቱን በቁጥር እዪው። አንድ ነገር በመደበኛው መንገድ፣ በኦርደር 1፣ ሲቀንስ ከአሥር የጊዜ አሃድ በኋላ የሚቀረው 0.0045 በመቶ ነው፤ የለም ማለት ነው። በኦርደር 0.5 ሲቀንስ ግን በሚታግ ሌፍለር ፈንክሽን (በኤክስፖኔንሻል ክፍልፋይ አቻ) 17 በመቶ ገደማ ይቀራል። ሊጡ ላይ ያለው የጣት አሻራ እሱ ነው።

አንግስትማን፣ ሄንሪና ማክጋን በ2016 ጥሩ ነገር አሳይተዋል። እኩልታውን በዘፈቀደ አልቀየሩም። ሰው ታሞ የሚቆይበትን ጊዜ ስርጭት ወሰዱ። ስርጭቱ ረጅም ጅራት (እንደ ጊዜ ኃይል ቀስ ብሎ የሚቀንስ) ካለው ክፍልፋይ ዲሪቬቲቩ ራሱ ከስሌቱ ውስጥ ወጣ። ደግሞ የወጣው ማገገሙ ላይ ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ እኩልታ ግራ ጎን ላይ አይደለም። ያንቺም መንገድ ይህ ይመስለኛል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ የሚተኛበትን ጊዜ ተመልከቺ። ጅራቱ ረጅም ከሆነ አልፋሽ ከዚያ ይመጣል። አጭር ከሆነ 1 ነው፤ 1 መሆኑም ጥሩ ውጤት ነው፣ አትፈሪው።


ኬኦስ_ፈላጊ — ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡40

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ቴሲስሽ ላይ "ሊሚት ሳይክል" (ያንኑ ዙር እየደገመ የሚሄድ መፍትሔ) የሚል ቃል ካለ አሁኑኑ ሰርዢው። ታቫዞይና ሃኤሪ በ2009 አረጋግጠዋል፤ ጊዜ የማይቀይረው ክፍልፋይ ሲስተም ትክክለኛ ተደጋጋሚ መፍትሔ ሊኖረው አይችልም። ምክንያቱ ደስ ይላል። የሳይን ሞገድን ውሰጂ። ከዜሮ ተነሥተሽ ግማሽ ዲሪቬቲቩን ስትሠሪ በ45 ዲግሪ የተገፋ ሳይን ታገኛለሽ፣ ግን የጅማሬው ቅሪት አብሮት አለ። እየሳሳ ይሄዳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ያስታውሳል፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ወደ ተደጋጋሚ እየተጠጋ ይሄዳል ማለት ትችያለሽ።

የመረጋጋት ፈተናሽንም እዪው። በመደበኛው የኢይገንቫልዩው (ሲስተሙ ከሚዛን ነጥቡ ትንሽ ቢነቃነቅ ይመለስ ወይም ይርቅ እንደሆነ የሚነግረው ቁጥር) ሪል ክፍል ኔጌቲቭ መሆን አለበት። በክፍልፋይ ግን የማቲኞን የ1996 መስፈርት ነው፤ የኢይገንቫልዩው አንግል ከአልፋ ጊዜ 90 ዲግሪ መብለጥ አለበት። 0.9 ከሆነ 81 ዲግሪ ይበቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሎሬንዝን ሲስተም (ታዋቂውን የኬኦስ ምሳሌ) እንይ፤ ፓራሜትሮቹ 10፣ 28 እና 8/3 የሆኑትን። የሁለቱ ክንፎች መሀል ላይ ያሉት ነጥቦች ኢይገንቫልዩ 0.094 ሲደመር ሲቀነስ 10.19 ኢማጂነሪ ነው። አንግሉ 89.47 ዲግሪ። አልፋ 1 ሲሆን 90 አልሞላምና አይረጋጋም። አልፋ ከ0.994 ሲያንስ ግን እነዚያ ነጥቦች በአካባቢያቸው ይረጋጋሉ። ከ1 ወደ 0.99 ብቻ! ርቆ የሚነሣው መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን መስፈርቱ አይነግረንም። ግን ማንም አልፋን "ትንሽ ነገር ናት" ብሎ በዘፈቀደ እንዳይመርጥ ይህን አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃዋል።


ጣና_ዳር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ማለዳ ወረቀት ላይ ሠራሁት፣ ልክ ነው።

አንገረብ፣ ስታወዳድሪ አንድ ነገር አትርሺ። አልፋ አንድ ተጨማሪ ነፃ ቁጥር ነው። ነፃ ቁጥር የተጨመረለት ሞዴል ያለፈውን ዳታ ሁልጊዜ ቢያንስ እኩል ይገጥማል። ስለዚህ "ስህተቱ ቀነሰ" አይበቃም። በአካይኬ መስፈርት (ለተጨመረ ነፃ ቁጥር ቅጣት በሚያስከፍለው ማወዳደሪያ) አወዳድሪ። ከዚያም አንድ ወቅት ደብቀሽ አስቀምጪና ሁለቱም ሞዴሎች ያላዩትን መስከረም ይተንብዩ።


አንገረብ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ሁለት ማታ ሙሉ ያላችሁትን እየጻፍኩ ነበር። ደብተሬ ሞላ።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በአምስቱም እኩልታ ላይ የነበረውን 0.9 አጠፋሁት። ፋልሲፓረምንና ቫይቫክስን ለየሁ። ዝናብ በወቅት የሚቀያየር የትንኝ መፈልፈያ ሆኖ ገባ። ክፍልፋዩን ያስቀመጥኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቫይቫክስ ከጉበት የሚነሣበት ላይ። ጎን ለጎን የጣና ዳርን መደበኛ ሞዴል ሠራሁ፣ ሦስት የተኙ ክፍሎች ያሉት።

አንድ ነገር ግን ሌሊቱን ቀሰቀሰኝ። ካፑቶ ትውስታውን የሚጀምረው እኔ ዜሮ ካልኩት ቀን ነው። መስከረም 1 ላይ ብጀምር ከዚያ በፊት ማንም አልታመመም እንደማለት ነው። ጉበት ውስጥ የተኛው ግን የአምናው ነው። ስለዚህ ስሌቱን ቢያንስ ከሁለት ዓመት በፊት መጀመርና ያንን የመጀመሪያ ጊዜ ከውጤቱ ሳልቆጥር ማለፍ ያለብኝ ይመስለኛል። መምህር፣ ልክ ነኝ?

ጤና መኮንን፣ እርስዎንም ልጠይቅ። መዝገቡ ላይ ድጋሚ የተነሣበትና አዲስ የተነደፈው ይለያያሉ?


የድሮው_መምህር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልክ ነሽ። ይህን ራስሽ ማሰብሽ ከሁሉም በላይ ደስ አሰኘኝ። ፈታኝሽ ዛሬ ቢጠይቁሽ ዝም አትይም።


ጤና_ደንቢያ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

አይለያዩም። እኛም መለየት አንችልም፤ ደሙ ላይ የሚታየው ያው ቫይቫክስ ነው። ግን አንድ መንገድ አለ። ወባ በሚቀንስበት በደረቁ ወራት፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ትንኙ በጣም ሲቀንስ ቫይቫክስ ይዞት የሚመጣ ሰው አለ። ጉዞ ያልሄደ ከሆነ አብዛኛው ከጉበት የተነሣ ነው ብዬ እገምታለሁ። የጅራትሽን ርዝመት እዚያ ብትፈልጊው ይሻላል።

የሥነ ምግባር ፈቃድሽን ጨርሰሽ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ። ስም የሌለበትን የሳምንት ድምር ነው የምናሳይሽ። ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ነኝ፤ ከአዘዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተነሣሽ ታማሚ ሳይበዛ ትደርሺያለሽ።


አንገረብ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡22

ፈቃዱ ባለፈው ወር ወጥቷል። ደብዳቤውን ነገ አስፈርማለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ይለዩልኝ።